ረቡዕና ዓርብ የሚነሣው ሞተር

የአባዬ ሞተር ሳይክል ጧት የሚነሣው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነበር። እያጋነንኩ አይደለም፤ በምድር ቤታችን ግድግዳ ላይ ቀን በቀን በከሰል እየጻፍኩ የያዝኩት ነው። ሰኞ አይነሣም። ማክሰኞ አይነሣም። ረቡዕ ገና አንዴ ሲረገጥ ዱግ ዱግ ብሎ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስጮኻል። ሐሙስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ዓርብ ምን እንደታየው እንጃ፣ ይነሣና ይሄዳል። ቅዳሜንና እሑድን ተዉት።

«የአባዬ ሞተር» ማለቴን አባዬ ቢሰማ ይቆጣኛል፤ ሞተሩ የመንግሥት ነው። አባዬ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው። ከሰቆጣ እየተነሣ ገጠሩን ሲዞር፣ የሰውን ላምና በሬ ሲወጋ ይውላል። ድሮ በበቅሎ ነበር። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ መሥሪያ ቤቱ ይህን ሞተር ሰጠው። አዲስ አይደለም። ከአባዬ በፊት የነዳው ሰው ወንዝ ሲሻገር ቁልፉን ጥሎት፣ ወልድያ ያለ አንድ መካኒክ ሽቦውን ሁሉ ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኝቶ ያለ ቁልፍ እንዲሠራ አድርጎታል። ከኮርቻው ሥር ሁለት ሽቦ አለ። አባዬ ያቆላልፋቸውና ይረግጣል፤ ሲያቆም ይለያያቸዋል። ቁልፉ ይኸው ነው።

ቤታችን የድንጋይ ቤት ነው፤ ላይ እኛ እንተኛለን፣ ታች ላሟና ዶሮዎቹ ያድራሉ። የመንግሥት ንብረት ደጅ አያድርም ተብሎ ሞተሩም ታች ገባ። ቦታ ስለጠበበ አባዬ በንጣፍ ድንጋዩ መሐል ተተክሎ የኖረውን የጥጃ ካስማ ነቀለና በዚያው ቦታ ሞተሩን አቆመ። «ነገ ሌላ እተክላለሁ» አለ። ያን ጊዜ ጥጃ ስላልነበረን ማንም ነገሬ አላለውም። እማዬ ዶሮዎቹ እንዳያበላሹት ብላ አሮጌ የሱፍ ባና አወጣችና እስከ መሬት ድረስ አለበሰችው። አባዬ ደግሞ ሕግ አወጣ፤ በሞተሩ ላይ ማንም ምንም አያንጠልጥል፣ አያስደግፍ፣ አይሰር። ሕጉን ሲናገር የሚያየው እኔን ብቻ ነበር።

እስከ ገና ድረስ ሞተሩ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረም። ከገና በኋላ ግን ታመመ። ማታ ደኅና ይገባል፣ ጧት አባዬ ሽቦውን ሲያገናኝ ባትሪው ወርዶ ይገኛል። ጎረቤት ተሰብስቦ ቁልቁለቱን ቢገፋውም ወይ ፍንክች። ታች ሜዳው ላይ ሲደርስ ሁሉም ወገቡን ይዞ እየተነፈሰ ስለ በቅሎዋ ደግነት ማውራት ይጀምራል፤ አባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል።

ለሌላ ሰው ቢሆን ያስቅ ነበር። የአባዬ መድኃኒት ግን የሚጓዘው በረዶ በያዘ ዕቃ ውስጥ ነው። ሙቀት ካገኘው ውኃ ነው፤ ከብቱን በውኃ እንደ መውጋት ነው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ካልወጣ አልወጣም ማለት ነው። በጥር መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጽጽቃ ላይ ቀጠሮ ነበረው። ገበሬው ከሩቅ ከብቱን እየነዳ መጥቶ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ጠበቀ። አባዬ በዚያን ሰዓት ወፍጮ ቤት ቆሞ ባትሪው እስኪሞላ ይጠብቃል። ከብቱ ውኃ ሲጠማው ባለቤቶቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ በመንገዳቸው ላይ የአባዬን ስም በምን እንዳነሡት መገመት አያቅትም።

ሰኞ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አባዬን አስጠራው። ኃላፊው ከመሐል አገር የመጣ ገና ወጣት ሰው ነው። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት ብዕር ይሰካል፤ «አሻጥር» የምትል ቃልም ከአፉ አትጠፋም። የቢሮው በር ቢላቀቅ አሻጥር ነው፤ የማኅተሙ ቀለም ቢደርቅ አሻጥር ነው። ሞተሩን ይወደዋል። ቢሮው ደጃፍ ቆሞ ሲያገኘው ይቀመጥበትና በመስታወቱ እያየ ኮፍያውን ያስተካክላል፤ ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባዬ ማታ ለእማዬ ሲነግራት እኔ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ጽጽቃ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቅዳሜ እንደገና ተቀጥሯል። ያን ቀንም ሞተሩ ካልተነሣ አባዬ ሞተሩን ያስረክባል፣ ራሱ ደግሞ ወደ ሰሃላ ይዛወራል። በእግሩ። ባትሪውን የሚያወርደው የሰው እጅ መሆኑ ከታወቀ ግን ነገሩ በዝውውር አያበቃም።

እማዬ ሰሃላ የሚለውን ስትሰማ የያዘችውን ቅል አስቀመጠች። ሰሃላ መኪና የማያውቀው አገር ነው። እዚያ የተመደበ ሰው ቤቱን በዓመት አንዴ ቢያይ ነው።

እኔ ደግሞ አንድ የደበቅኩት ነገር ነበረኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቤት ውስጥ ማንም ከሌለ፣ እጄን ከባናው ሥር አስገብቼ ክላክሱን አንዴ እጫነዋለሁ። ዶሮዎቹ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ፣ አውራው ዶሮ ሚስቶቹን ረግጦ ይሸሻል፤ ከዚያ ተመልሶ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይንጎራደዳል። ለዚህ ብዬ ከትምህርት ቤት ሮጬ የምመጣበት ቀን ነበር። አባቴን ሰሃላ የሚያስልከው ይኸው ጨዋታዬ ከሆነስ? አንድ ሳምንት ሙሉ እጄን ከክላክሱ አራቅሁ። ከሰሉንም ያነሣሁት በዚያ ሳምንት ነው፤ ሞተሩ የተነሣበትንና ያልተነሣበትን ቀን ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ። ባትሪው እንደ ወትሮው መውረዱን ቀጠለ። ንጹሕ ነኝ ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ዶሮዎቹም ክላክሳቸው ተመለሰላቸው።

ባትሪ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መመላለስ የእኔ ሥራ ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ናቸው። ከወፍጮው ሞተር ጋር በቀበቶ የተያያዘ ዲናሞ አላቸው፤ በከተማው ባትሪ የሚሞላው በዚያ ብቻ ነው። ፂማቸው ላይ ዱቄት፣ ጣታቸው ላይ ጥቁር ዘይት አይጠፋም። እኔን «ባለ ባትሪዋ» ነው የሚሉኝ። አሲዱ የቀሚሴን ጠርዝ እየበላ ወንፊት ሲያደርገው አዩና፣ አገሩ ሁሉ ዱቄት ይነፋል፣ አንቺ ደግሞ ወንፊቱን ለብሰሽው መጣሽ ብለው አሾፉብኝ።

እሳቸው ነገሩን እንደ ሐኪም ያዙት። መጀመሪያ የባትሪውን ክዳኖች ፈትተው ውኃውን አዩ፤ ጎድሎ ነበር፣ ሞሉት። ቀጥሎ ጫፎቹ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ ፈቅፍቀው አጠቡት፣ ሽቦውን አጠበቁት። በማግሥቱ ባትሪው እንደገና ወርዶ ይዤላቸው ሄድኩ። አልተናደዱም፤ እንዲያውም ዓይናቸው በራ። «ይህን ባትሪ ዛሬ ከሞተሩ ለዩት» አሉኝ። «ባልና ሚስት ሲጣሉ እንደሚደረገው። አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች አሳድሩ። ጧት ባትሪው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ከወረደ የራሱ ነው።»

ያ ቀን ሰኞ ነበር። አባዬ ባትሪውን ላይ ቤት አወጣና ራስጌው አስቀመጠው። እማዬ አሲድ ካደረበት አልጋ አልተኛም ብላ ከእኔ ጋር አደረች። ጧት ባትሪው እንደሞላ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለ ወፍጮው የእጅ ባትሪ አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። ባናውን ገፍፈው ከባትሪው አንዱን ሽቦ ፈቱና በመሐሉ አምፖሏን አስገቡ። ሞተሩ ተደብቆ የሚጠጣ ከሆነ አምፖሏ ትበራለች አሉን። አባዬ፣ እማዬና እኔ አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። አምፖሏ አልበራችም።

ሽማግሌው ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ቀን አይጠጣም። የሚጠጣው ሲመሽ ነው» አሉ። «ቀን ጾሞ ማታ የሚያፈጥር ከሆነ ሞተራችሁ ከእኛ ወገን ነው።»

«ረቡዕና ዓርብ ግን ደኅና አድሮ ያነጋል፣ አባባ» አልኳቸው፤ የከሰል ጽሑፌን እያሳየኋቸው።

ጠጋ ብለው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። «ረቡዕና ዓርብን የሚያከብረውስ ከእናንተ ወገን ነው» አሉ። ከዚያ ሞተሩን እንደ ሰው ገልመጥ አደረጉትና «ገና አልወሰነም ማለት ነው» ብለው አምፖላቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እማዬ ይህን ወሬ ውኃ ስትቀዳ አወራችው። በማግሥቱ ሰቆጣ ውስጥ ጾም የሚያከብር ሞተር እንዳለ ያልሰማ አልነበረም። ረቡዕ አባዬ ቢሮ ሲገባ ኃላፊው በር ላይ ጠበቀውና፣ ሞተር ሃይማኖት የለውም፣ ይህን የሚያስወራው ማን እንደሆነ ይጣራል አለው። አባዬ ነገሩን ለማለሳለስ ብሎ፣ ግዴለም፣ መላ አግኝተናል፣ ከእንግዲህ ባትሪውን እየፈታሁ አልጋዬ አጠገብ አሳድራለሁ አለ። አባዬ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሐቁን የሚናገረው ግን ሁልጊዜ በማይሆን ሰዓት ነው። ኃላፊው ብዕሩን አወጣ። የመንግሥት ባትሪ በግለሰብ አልጋ? ማን ፈቀደ? ከዚህ በኋላ አንድ ብሎን እንዳይነካ ብሎ አዘዘ። ሐሙስ ሞተሩ ድንጋይ ሆነ። ዓርብ ተነሣ።

ዓርብ ወደ ማታ፣ አባዬ ከሥራ እንደገባ፣ ኃላፊው ራሱ መጣ። ምድር ቤት ገብቶ ባትሪው ያለበትን ሳጥን አየ፣ ክዳኑን በእጁ ነቀነቀው፣ ከዚያ ከእማዬ ትንሽ ሊጥ ለመነ። እማዬ የራበው መስሏት ቁራሽ እንጀራ ልታመጣ ነበር። እሱ ግን ሊጡን ወረቀት ላይ ቀባና ወረቀቱን በክዳኑ ላይ ግራና ቀኝ ለጠፈው፤ በላዩ ላይ ማኅተም መታ፣ ፈረመ፣ ቀን ጻፈ። «ዓርብ ሞልቶ ይገባል፣ ቅዳሜ ባዶ ሆኖ ይገኛል» አለ። «መሐል ላይ የሚገባ እጅ አለ። ነገ ጎህ ሲቀድ ይህን የምቀደው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የቀደደው ሰው መልሱን ለእኔ አይደለም የሚሰጠው።»

ከሄደ በኋላ አባዬ ባናውን መልሶ አለበሰውና ላይ ቤት ወጣ። የቀረበለትን ሳይነካ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ። እማዬ እኔን ወደ ታች ላከችኝ። «ጥጃዋን እሰሪ። ነገ ፍስክ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ላማችን በታኅሣሥ ወልዳ ነበር። የገና ጾም ስለነበረ ወተቱን ማንም አልፈለገውም፤ ጥጃዋ ከእናቷ ጋር እንዳሻት ትጠባ ነበር። ጾሙ ሲፈታ ግን ማታ ማታ ማሰር ግድ ሆነ፤ ካልታሰረች ሌሊቱን ስትጠባ አድራ ለእኛ አታስቀርም። ማሰሩ የእኔ ሥራ ነው። ካስማው የለም። አባዬን ሦስት ጊዜ አስታወስኩት፤ ሦስቴም «ነገ» አለኝ። ታዲያ ጥጃን በ«ነገ» ላይ ማሰር ይቻላል? ካስማው በነበረበት ቦታ የቆመው ሞተሩ ነው። ባናውን በጎን ገለጥ አድርጌ፣ ከታች ካገኘሁት ብረት ጋር አስሬ መልሼ እሸፍነዋለሁ። ጧት አባዬ ሳይወርድ እፈታና፣ እማዬ ላሟን ወደምታልብበት ደጅ እወስዳታለሁ። የአባዬ ሕግ መጣሱን ስለማውቅ ለማንም አልተነፈስኩም።

የረቡዕና የዓርብ ነገር ደግሞ የእማዬ ደንብ ነው። በጾም ቀን ወተቱ የጥጃዋ ነው ትላለች፤ አያቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው። ስለዚህ ማክሰኞ ማታና ሐሙስ ማታ ጥጃዋ አትታሰርም።

ገመዱን አንሥቼ አንገቷ ላይ አገባሁ። «ነገ ፍስክ ነው» የምትለዋ የእማዬ ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ነገ ፍስክ ነው። ፍስክ ሲሆን ሞተሩ አይነሣም። ፍስክ ሲሆን ጥጃዋ ትታሰራለች። ግድግዳውን አየሁ። ረቡዕ ተነሣ፣ ዓርብ ተነሣ፤ የቀረው ሁሉ አልተነሣም። ጽሑፉ የእኔ፣ ገመዱ የእኔ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ፊት ለፊት ሲያዩኝ አላየኋቸውም።

እንደ ልማዴ አሰርኳት። ጥጃዋ እናቷን ስታይ ገመዱን ወጠረችው። ገመዱ ከእግር ማሳረፊያው ሥር ያልፋል፤ የታሰረው ለካ የእግር ፍሬኑ ላይ ነው። እሷ በሳበች ቁጥር ፍሬኑ ወደ ታች ይረገጣል። ወደ ኋላ ዞሬ የባናውን ጫፍ ገለጥኩት። የኋላው መብራት እንደ በሰለ በለስ ቀልቶ ይበራል። ፈታኋት፤ ጠፋ። አሰርኳት፤ በራ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እየሳቅሁ ነበር። ይህች አንድ ክንድ የማትሞላ ጥጃ በየሌሊቱ ፍሬን ረግጣ የመንግሥትን ባትሪ ስትጠጣ ታድራለች፤ ባናው ደግሞ መብራቷን ይደብቅላታል፤ አባዬ ጧት ሲወርድ እኔ ፈትቼ ወስጃታለሁ። ከእኔ የተሻለ ተባባሪ ከየት ታገኛለች?

ሮጬ ወጥቼ ለአባዬ ልነግረው ነበር። ግማሽ መሰላል ላይ ስደርስ ሕጉ ትዝ አለኝ፤ አያንጠልጥል፣ አያስደግፍ፣ አይሰር። ለምን እናገራለሁ? ማኅተሙን አልነካ፣ ሞተሩን አልነካ፤ ጥጃዋን ሌላ ቦታ ካሰርኳት ነገ ጧት ሞተሩ ይነሣል፣ አባዬ ጽጽቃ ይደርሳል፣ ኃላፊው ወደ ቢሮው ይመለሳል። ከመሰላሉ እግር ጋር አሰርኳትና ወጥቼ ተኛሁ። ሌሊቱን መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ፤ እኔ ግን እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ኃላፊው ጎህ ሳይቀድ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። አባዬ የበረዶ ዕቃውን አዘጋጅቶ በር ላይ አስቀምጦታል። ሁላችንም ታች ወረድን። ኃላፊው ማኅተሙን በብርሃኑ ዙሪያውን አየ፤ አልተነካም። ቀደደና ወረቀቱን መሬት ጣለው። አባዬ ሽቦውን አቆላለፈ፣ በስመ አብ ብሎ ረገጠው። በአንድ እርግጫ ተነሣ። ቤቱ በጭስና በድምፅ ሞላ፤ እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«አጥፋው» አለ ኃላፊው።

አባዬ አጠፋው። የእማዬ እልልታ ሳይወጣ ቀረ።

ኃላፊው ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ይኸው ነው ያስፈራኝ። «ከገና ወዲህ ማኅተም ሳይኖረው ቅዳሜ ተነሥቶ አያውቅም። ማኅተም ሲደረግበት በአንድ እርግጫ ተነሣ» አለ። «እጅ አለ ብዬ ነበር። ይኸው እጁ ማኅተሙን ፈርቶ ተሰበሰበ። የዚህ ቤት ሰው ካልሆነ ማን ሊሆን ይችላል?»

እኔ እንደ ብልኅ ሆኜ ያደረግሁት ነገር ምን እንዳመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ሞተሩ ባይነሣ ኖሮ አባዬ ሰሃላ ይሄድ ነበር። በመነሣቱ ደግሞ የት እንደሚሄድ አላውቅም። እማዬን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ጓድ» አልኩ። «ያወረደችው ጥጃዋ ናት። ያሰርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ኃላፊው የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ። የማላግጥበት መሰለው። አላላግጥም፣ ላሳይዎ ብዬ፣ መልስ ሳልጠብቅ ጥጃዋን ከመሰላሉ ፈትቼ አመጣሁና እንደ ወትሮዬ ከፍሬኑ ጋር አሰርኳት። አባዬ ገመዱ በየት እንደሚያልፍ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ሁላችንም ጠበቅን።

ጥጃዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ገመዱ ረግቦ ተንጠለጠለ። አንድ ጊዜ ጆሮዋን አራገበች፣ ኃላፊውን በትሕትና አየችው፤ ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መሬቱን ማሽተት ጀመረች። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ጨዋ ሆና አታውቅም። ቂጧን ገፋሁት፤ ወደ እኔ ተጠግታ እጄን ላሰች። በር ላይ ያለው በረዶ ይቀልጣል። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

እማዬ ላሟን ፈታችና ወደ ደጅ ነዳቻት፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ተጣራች። እማዬ ከብት የምታነጋግረው በኽምጣኛ ብቻ ነው። ኃላፊው ደንግጦ ዞረና «ምን አለች?» አለ። ላሟን ነው የጠራችው ብዬ ሳልጨርስ ላሟ እምቧ አለች። ጥጃዋ ተስፈነጠረች። ገመዱ ተወጠረ፣ ፍሬኑ ተረገጠ፣ የኃላፊው ሱሪ ከጉልበቱ በታች ቀይ ሆነ።

ሱሪውን አየ። መብራቱን አየ። ቁጢጥ ብሎ የመብራቱን ሽፋን በጣቱ ነካው። ከዚያ ገመዱን ራሱ ያዘና ጥጃዋን ወደፊት ገፍቶ አረገበው፤ ጠፋ። ለቀቃት፤ በራ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እኔም ማታ ሦስት ጊዜ ነበር ያደረግሁት፤ ሰውዬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ሲነሣ ግን ኃላፊነቱ ተመለሰበት። በመንግሥት ንብረት ላይ ከብት ማሰር ጥፋት ነው፣ ስለዚህ እዚሁ ግለ ሂስ አድርጊ አለኝ። እኔ በወጣቶች ስብሰባ ላይ ብዙ ግለ ሂስ ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሚባል አይጠፋኝም። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። ጥጃን ከሕዝብ ሞተር ጋር በማሰሬ፣ ጥፋቴንም ሦስት ሳምንት በባና ሸፍኜ በማቆየቴ ድክመቴን አምናለሁ አልኩ። ክላክሱንም አልደበቅሁም፤ ዶሮዎቹ ይመሰክሩብኛል። አፌን ከከፈትኩ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ። «በተጨማሪ፣ የጥጃ ካስማ ነቅለው ነገ እተክላለሁ ካሉ አምስት ወር የሆናቸው ጓድ በዚህ ቤት እንዳሉ ሂስ አቀርባለሁ።»

አባዬ ሳለ። እማዬ ከደጅ «እውነቷን ነው» አለች።

ኃላፊው ነገሩን ለመዝጋት ቃለ ጉባኤ መጻፍ እንዳለበት፣ የተቀደደው ማኅተምም ከወረቀቱ ጋር መያያዝ እንዳለበት ተናገረና መሬቱን በብርሃኑ ፈለገ። የለም። ባናውን አነሣን፣ ከሞተሩ ሥር አየን፣ አባዬ ጫማውን አወለቀ። የለም። በመጨረሻ ብርሃኑ ጥጃዋ ላይ አረፈ። ታኝካለች። ያ ሁሉ ጨዋነቷ፣ ያ መሬት ማሽተቷ ለካ ሊጡ ጣፍጧት ኖሯል። አፍንጫዋ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ነበር፤ ግማሽ ክብ፣ ጥርት ያለ።

ኃላፊው ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አንድ ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሲገልጠው ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ሂድ፣ በረዶው ይቀልጣል» አለው አባዬን። እሱም ሦስቱን ብዕሮቹን እየነካካ ወደ ቢሮው ሄደ።

አባዬ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ፣ እኔን የሚከለክለኝን ክላክስ ራሱ ሁለት ጊዜ ነፋው። አውራ ዶሯችን ከደጅ ሆኖ ብድግ አለ። ከሰሌን አንሥቼ ግድግዳው ላይ «ቅዳሜ፣ ተነሣ» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ከጽጽቃ ፀሐይ አቃጥሎት፣ አቧራ ለብሶ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። ከብቱ ሁሉ ተወግቷል። አንድ መርፌ ተርፎት ስለነበር ቀጥታ ወደ ምድር ቤት ገባና ጥጃዋን ወጋት፤ አገር የሚከትብ ሰው የራሱን ጥጃ አልከተበም ነበር። እሷም ዞራ ረገጠችው። አባዬ ጉልበቱን እያሸ መሰላሉን አየ፣ የገመዱን ቋጠሮ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ነገ ካስማ እተክላለሁ» አለ።

ይህን ስጽፍ ከዚያ ወዲህ ሌላ ገና አልፏል። ሞተሩ ከሰኞ እስከ እሑድ ይነሣል። ጥጃዋ ጊደር ልትሆን ነው፤ መሰላሉ ግን አሁንም ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል።